ፋኖሱን የያዘው

ነጭ ጋዝ ፍለጋ ጭሮን ከላይ እስከ ታች ዞርኳት። ድሮ በየሱቁ በር ላይ በበርሜል ቆሞ ይሸጥ የነበረ ነገር ዛሬ እንደ አንበሳ ወተት ብርቅ ሆኗል። በመጨረሻ ከመናኸሪያው ዝቅ ብላ ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ አንድ ጎረምሳ ከመደርደሪያ ሥር አቧራ የለበሰ ጀሪካን ጎትቶ አወጣና፣ "ጋሼ፣ አቦ በዚህ ዘመን ነጭ ጋዝ ምን ያደርግልሃል? ሶላር ግዛ" አለኝ። ለፋኖስ ነው አልኩት። ፋኖሱስ ለምንድን ነው ሲለኝ ለእንግዳ ነው አልኩት። እንግዳው ማን ነው ሲለኝ ዝም አልኩ። እኔ ዝም ማለቴን የሚያውቁኝ ሰዎች ቢሰሙ ኖሮ ሐኪም ይጠሩልኝ ነበር። ልጁ ክዳኑን ሲከፍተው ግን ሽታው በአፍንጫዬ ገብቶ፣ አንገቴን ይዞ፣ ስንትና ስንት ዓመት ወደ ኋላ ጎተተኝ።

ሌላ ሰው ነጭ ጋዝ ሲሸተው ኩራዝና የቤት ሥራ ትዝ ይለዋል። እኔን ትዝ የሚለኝ ተካልኝ ነው። ተካልኝ የእህቴ የአስቴር ባል ነው። የልጆቿ የናሆምና የሶስና አባት ነው። አዳማ ላይ ባለ ሁለት ፎቅ ቤትና ባለ ሦስት ፎቅ ሆድ ያለው ሰው ነው። ጠላቴም ነው። የነፍስ አባቴ በየዐቢይ ጾሙ፣ "ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት" እያሉ ይገሥጹኛል። እኔም፣ "አባ፣ ሳሉ ለቆኛል፣ ቂሙ ነው የቀረኝ" እላቸዋለሁ። ይስቃሉ። በሕይወቴ ከተናገርኳቸው ጥቂት እውነቶች አንዱ መሆኑን አያውቁም።

ያኔ ጭሮን አሰበ ተፈሪ ነበር የምንላት። አስፋልቷ አንድ ነበር፤ ዛሬም ከዚያ ብዙ አልራቀችም፤ ግን ያኔ አንዱ አስፋልት ለሁላችንም ይበቃን ነበር። ትምህርት ቤት ሲለቀቅ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ እንመላለስበታለን። የምንገዛው ነገር የለም፤ የምናየውና የምንታየው ብቻ ነው። ሁለት ሻይ በስሙኒ ይጠጣል። ስሙኒዋ ከጠፋች ደግሞ አንዱን ሻይ ለአራት ከበን ብርጭቆው እስኪበርድ እናወራለን። ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ያለችው ሻይ ቤት ቴፕ ነበራት። ባለቤቱ ድምፁን ወደ መንገዱ አዙሮ የሚለቃቸው ካሴቶች ከማርጀታቸው የተነሳ ዘፋኙን ሁሉ ወባ የያዘው ያስመስሉት ነበር። እኛ ዘፈኑ ድሮውንም እንደዚያ የተዘፈነ መስሎን እንደዚያው እያቃሰትን እንዘፍነዋለን። ከዓመታት በኋላ አንዱን ዘፈን በደህና ሬዲዮ ስሰማው ዘፋኙ ድኖ መስሎኝ እግዚአብሔርን አመስግኛለሁ። በልብስ በኩል ደግሞ፣ ከድሬዳዋ በጭነት መኪና ተደብቆ የመጣ ጂንስ የለበሰ ልጅ እንደ ሚኒስትር ይከበር ነበር። እኔ ጂንስ አልነበረኝም። የኔ ሱሪ የአባቴ ካኪ ተቆርጦ የተሰፋ ነው። ኪሱ ጉልበቴ ላይ ስለወረደ ሳንቲም ለማውጣት መስገድ ነበረብኝ። ተካልኝ ጂንስ ነበረው። አፍሮም ነበረው፤ ማበጠሪያው እዚያው አፍሮው ውስጥ ተሰክቶ ይውላል። ዛሬ አናቱ እንደ ሎሚ ያበራል፤ እግዚአብሔር የሚሠራውን ያውቃል።

እኔ የነበረኝ ምላስ ብቻ ነው። ጠዋት ውሃ ልቀዳ ስወጣ ጅብ መንገድ ለቆልኝ 'እንዴት አደርክ' አለኝ ብዬ ሰፈሩን አስቂያለሁ። በደሳ ላይ የወደቀ በረዶ የእነ እገሌን አህያ ገደለ ብዬ አውርቼ፣ በማግስቱ አህያው ራሱ ጫት ተጭኖ በደጃችን ሲያልፍ፣ 'ይሄ ወንድሙ ነው' ብያለሁ። እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ "ሞላ ውሃ ጠማኝ ቢል እንኳ ከንፈሩን አይቼ ነው የማምነው" ትል ነበር። ይህ ዝና ያኔ ያኮራኝ ነበር። ውሸታም ሰው አንድ ቀን እውነት እንደሚያስፈልገው ማን ነገረኝ?

የጂኦግራፊ ክበባችን መቻራ አጠገብ ያለውን ዋሻ እናያለን ብሎ የተነሳው በበጋ ነው፤ በክረምት ውሃ ይገባበታል። ክፍት የጭነት መኪና ላይ ተጭነን፣ በበደሳ አድርገን፣ ገለምሶን አልፈን ስንሄድ የጠጣነው አቧራ ዛሬም ሳስነጥስ የሚወጣ ይመስለኛል። መቻራ ስንደርስ ሁላችንም አንድ ቀለም ሆነን ስለነበር መምህራችን ስም ሲጠሩ ባለቤቱን በድምፁ ካልሆነ አልለዩትም። ዋሻውን የሚያሳዩን አባ ናስር የሚባሉ ገበሬ ነበሩ። የቡና ማሳቸው ከዋሻው ጣሪያ በላይ ነው፤ ማለትም እሳቸው ላይ ላዩን ሲኮተኩቱ እታች የሌሊት ወፎቹ ያዳምጣሉ። በኦሮምኛ ዋሻን ሆልቃ ይሉታል፤ እኛም ከዚያ ቀን ጀምሮ ሆልቃው እያልን ቀረን። ከላይ ሲያዩት ምንም ነገር አይደለም። ቡና አለ፣ ጥላ ዛፍ አለ፣ ፍየል አለ፤ ከዚያ መሬቱ እንደሚያዛጋ ሰው አፉን ከፍቶ ይቆይዎታል። መግቢያው በእንብርክክ ነው። ትንሽ እንደገፉ ቀና ይላሉ፣ ትንሽ ቆይተው እጅዎን ቢዘረጉ ግድግዳ አያገኙም፣ ድምፅዎን ቢለቁ ዞሮ የሚመጣው እስኪያረጅ ይቆያል።

አሁን አስተማሪ ስለሆንኩ ሳላስተምር አላልፍም። ዝናቡ በአፈሩና በበሰበሰው ቅጠል ውስጥ ሲሰርግ ትንሽ ይኮመጥጣል። ያ ኮምጣጣ ውሃ የኖራ ድንጋዩን በቀስታ እየበላ ይወርዳል። የበላውን ግን ሆዱ ውስጥ ይዞ አይቀርም። ጠብታዋ ከጣሪያው ስትለይ ቅንጣት ኖራ ትታ ትሄዳለች፤ ወለል ስትደርስ ሌላ ቅንጣት ታኖራለች። ከላይ እንደ ላም ጡት የሚንጠለጠለው፣ ከታች እንደ ኩይሳ የሚነሳው፣ እንደ መጋረጃ ታጥፎ የሚወርደው ሁሉ በዚያች ቅንጣት የተሠራ ነው። አንዳንዴ የላይኛውና የታችኛው ይገናኙና ምሰሶ ይሆናሉ። ለመገናኘት የፈጀባቸው ዘመን እኔ እንኳ ላጋንነው የማልችለው ብቸኛ ነገር ነው። ኋላ ላይ ከሩቅ አገር የመጡ ተመራማሪዎች ወድቆ ያገኙትን ድንጋይ ለሁለት ሰንጥቀው፣ እንደ ሽንኩርት የተደራረበውን ልጣጭ እያዩ፣ 'ይሄኔ ጥሩ ዘንቦ ነበር፣ ይሄኔ ደርቆ ነበር' ሲሉ ሰምቻለሁ። ሰማይ አንድ ጊዜ የበደለውን ድንጋዩ ሆዱ ውስጥ አስቀምጦታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ድንጋይን እንደ ሥጋ ዘመዴ ነው የማየው።

አባ ናስር ፋኖሶቹን ከማደላቸው በፊት ደጃፉ ላይ አስቀመጡን። አያቶቻቸው በክፉ ዘመን ልጆቻቸውንና ከብቶቻቸውን ይዘው ሆልቃው ውስጥ ይሸሸጉ እንደነበር፣ ጣሪያው ላይ የምናየው ጥላሸት የእነሱ እሳት መሆኑን ነገሩን። እዚያ ውስጥ እሳት የያዘ ሰው ቀድሞ ከወጣ ኋላ ያለው ሁሉ አለቀለት ማለት ነው። ከዚያ የመጣ ደንብ አለ። "ልጆቼ፣ እዚህ ሕግ አንድ ነው" አሉ። "ፋኖስ የያዘ ኋላ ይወጣል። ሰዉ ሁሉ ወጥቶ የራሱ ጥላ ብቻ ሲቀር ነው እሱ የሚወጣው። ወላሂ፣ ይህን የጣሰ ሰው እኛ ዘንድ ሚስት አያገኝም።" ሁላችንም ሳቅን። ተካልኝ ከሁላችን በላይ ሳቀ።

ፋኖሶቹ ሁለት ነበሩ። አንዱን አባ ናስር ይዘው ከመምህራችንና ከብዙዎቹ ጋር ፊት ሄዱ። ሁለተኛውን ተካልኝ ያዘ፤ ለምን ቢባል ከጂንሱ ጋር ይሄድለት ስለነበር ነው። እሱና እኔ ወደ ኋላ ቀረት ብለን ነበር። በግራ በኩል ጠባብ ማለፊያ አየና፣ 'ና እንግባ፣ እነሱ ያላዩትን እንይ' አለኝ። ገባን። ውስጡ ሌላ አዳራሽ ነው። ያን የሚያህል ነጭ ነገር በዚያን ዕድሜዬ ያየሁት የጥርስ ሳሙና ብቻ ነበር። አፌን ከፍቼ ቆሜ ሳለሁ ጣሪያው ተነቀለ። ጣሪያው አልነበረም፤ የሌሊት ወፎች ነበሩ፣ የሐረርጌ የሌሊት ወፍ በሙሉ። ተካልኝ አንድ ጊዜ እናቱን ጠራ። ከዚያ የፋኖሱ ብርሃን በማለፊያው ውስጥ እየዘለለ፣ እየዘለለ፣ እያነሰ ሄደ። ከዚያ ምንም የለም።

ሰው ጨለማ የሚለው ነገር ጨለማ አይደለም። ቤት ውስጥ መብራት ሲጠፋ እንኳ ከመስኮት የሆነ ነገር ይገባል፤ ሆልቃው ውስጥ ምንም አይገባም። እጄን ዓይኔ ፊት አደረግኩ፤ እጅ የለኝም። ዓይኔን ጨፈንኩ፣ ከፈትኩ፤ ልዩነት የለውም። ጠራሁት፤ የመለሰልኝ የራሴ ድምፅ ነው፣ እሱም አርጅቶ። መሬት ላይ ቁጭ አልኩና የማውቀውን ጸሎት ሁሉ አልኩ፣ ከዚያ የማላውቀውን ጨመርኩበት። ከላይ ጠብታው ይወርዳል፤ አንዱ ጠብታ ሁልጊዜ አንድ ቦታ፣ ትከሻዬ ላይ። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ለሰው ሳወራው ሦስት ቀን እላለሁ። በመጨረሻ ብርሃን መጣ፤ ሌሎቹን አስወጥተው የተመለሱት አባ ናስር ናቸው፣ ተካልኝ የራሱ ፋኖስ ጠፍቶበት ከኋላቸው የኩታቸውን ጫፍ እንደ ሕፃን ይዟል። ሽማግሌው እግሬን አሻሹልኝ፣ "አይዞህ ጉርባ፣ አይዞህ ልጄ" አሉኝ፣ ደግፈው አስነሱኝ። ተካልኝን አንድ ጊዜ አዩት እንጂ ቃል አልተናገሩትም። ቢናገሩት ኖሮ ሕይወቴ ሌላ ይሆን ነበር።

መውጫው አቅራቢያ ስንደርስ ተካልኝ፣ 'አባቴ ደክመዋል፣ ልያዝልዎት' ብሎ ፋኖሱን ተቀበላቸው። በእንብርክኩ በሌላ እጁ ጎትቶ አሳለፈኝና፣ ቀና እንዳልን ብድግ አድርጎ ትከሻው ላይ ጣለኝ። ለመታገል አቅም አልነበረኝም። እንዲያ ሆነን ከደጃፉ ጥላ ወደ ፀሐይ ስንወጣ ክበቡ በሙሉ ቆሞ ይጠብቀናል፣ መምህራችን ካሜራ ይዘዋል፣ ቀጭ አደረጉት። አባ ናስር ከኋላ በእንብርክክ ሲወጡ ፎቶው አልቋል።

ያ ፎቶ አሰበ ተፈሪ ዋናው መንገድ ላይ ባለው ፎቶ ቤት መስኮት ውስጥ ተሰቀለ። ቆንጆ ፎቶ ነው፤ ውሸት ሁልጊዜ ቆንጆ ይወጣል። ተካልኝ ፋኖሱን ከፍ አድርጎ፣ አፍሮው ላይ ፀሐይ አርፋበት፤ እኔ ትከሻው ላይ እንደ ፋሲካ ሙክት ተንጠልጥዬ፣ አፌ ተከፍቶ፣ የካኪው ኪስ ተገልብጦ። ከላይ ወደ ታች ስመላለስበት የኖርኩት አስፋልት ከዚያ በኋላ ጠበበኝ። 'ሸክሙ' የሚል ስም ወጣልኝ። ሻይ ቤት ስገባ፣ 'ለሸክሙ ቦታ ልቀቁ፣ የሚያወርደው ሰው አለ ወይ?' ይሉኛል። ጫት ተራ ውስጥ የማላውቃቸው ሰዎች፣ 'አቦ ሸክሙ፣ ዛሬ በእግርህ ነህ?' ይሉኛል። የሆነውን ነገርኳቸው። ለመምህሬ ነገርኩ፣ ለጓደኞቼ ነገርኩ። አባ ናስርን ጠይቁ አልኩ፤ ለአንድ ውሸታም ብሎ ማን መቻራ ድረስ አቧራ ይጠጣል? ለእናቴም ነገርኳት። እናቴ ከንፈሬን አየችና፣ "ልጄን ያወጣልኝን ሰው ስም አታጥፋብኝ" አለችኝ።

ይህም ባልከፋ። ተካልኝ 'የሞላን ጤና ልጠይቅ' እያለ እቤታችን መመላለስ ጀመረ። ጤናዬ እንደ በሬ ነበር። እሱ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ጠየቀው፤ በሁለተኛው ዓመት የጠየቀው አስቴርን ሆነ። እናቴ እንኳን አላቅማማችም፤ 'ከመቃብር ያወጣልን ልጅ ምን ይነፈጋል?' አለች። በሠርጉ ዕለት ሚዜው ተነስቶ የሆልቃውን ታሪክ ሲያወራ አዳራሹ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፤ የኔን ለብቻው ያየልኝ የለም። ከዚያ ወዲህ በየፋሲካው፣ በየገናው፣ በየልደቱ፣ ማዕድ ሲነሳ ተካልኝ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ ያደርግና ይጀምራል። ታሪኩ ከልጆቹ ጋር አብሮ አደገ። በመጀመሪያ ጨለማው ብቻ ነበር። ናሆም ሲወለድ እባብ ገባበት። ሶስና ስትወለድ ጎርፍ መጣ። አሁን በቅርቡ ነብር አስገብቷል። ከሁሉ የሚያቃጥለኝ ይሄ ነው፦ ውሸት የኔ ሙያ ነበር። ሰውየው እውነቴን ብቻ ሳይሆን ሙያዬንም ወሰደብኝ፤ በዚያ ላይ ይታመናል።

አስተማሪ ሆኜ መቻራ ስመደብ ጓደኞቼ አዘኑልኝ። እኔ በልቤ እልል አልኩ። አባ ናስር ያኔ በሕይወት ነበሩ፤ ዋሻውን ከእሳቸው ጋር ተማርኩት፣ እሳቸው ሲያልፉ ተማሪዎቼንና የሚመጣውን እንግዳ የማስገባው እኔ ሆንኩ። በየዋሻው እንደሚደረገው ድንጋዮቹ ስም አላቸው። ረጅም ነጭ መጋረጃ የለበሰችው ሙሽራዋ ትባላለች። ሁለት ሻኛ ያለው ግመሉ ነው። ከመውጫው አጠገብ ደግሞ አጭር፣ ወፍራም፣ ሆዱ የተነፋ፣ አናቱ መላጣ፣ ፊቱን ወደ መውጫው ያዞረ ጉድ አለ። እሱን ተካልኝ አልኩት። 'ፋኖስ ይዞ የሮጠው ተካልኝ' እያልኩ ስንት ትውልድ አስጎበኘሁ። ዛሬ መቻራ ላይ በረኛ ግቡን ትቶ ከሸሸ ሕዝቡ፣ 'ተካልኝ! ተካልኝ!' ይላል። በደሳ ድረስ ተሰምቷል። አዳማ ግን አልደረሰም፤ እህቴ ጆሮም አልደረሰም። ድንጋይ ላይ የሚደረግ በቀል ጥሩ ነው፣ ይቆያል፤ ግን ድንጋይ ስቆ አያውቅም፣ አፍሮም አያውቅም። እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አስቴር ማንን እንዳገባች እንድታውቅ።

ባለፈው ጥር ስልኬ ጮኸ። "ሸክሜ! አለህ ወይ አቦ?" ተካልኝ ነው። ልጆቹ አድገው ሊበተኑበት ነው፤ ናሆም ውጭ አገር ትምህርት አግኝቷል። ከመሄዱ በፊት አባታቸው ሰው ያዳነበትን ዋሻ በዓይናቸው እንዲያዩ ፈልጓል፤ አስቴርም ትመጣለች። አስጎብኚያቸው አንተ ብትሆን እንዴት ያምርላቸዋል አለኝ። ኑ፣ አልኩት። ነጭ ጋዝ ፍለጋ ጭሮ የሄድኩት በማግስቱ ነው።

ቦርደዴ ሲደርሱ ደወለና ሙቀቱ ጎማውን ሊያቀልጠው ነው አለኝ፤ ተራራውን ሲወጡ ይበርድላችኋል፣ ዝም ብላችሁ ኑ አልኩት። ጭሮ አድረው በማግስቱ ረፋዱ ላይ መቻራ ገቡ። አስቴር ከመኪናው ወርዳ ሳመችኝ፤ ስኒከር ተጫምታ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራለች፣ የእናቴ አገጭ ወጥቶባታል። ሆልቃው ደጃፍ ላይ ስልካችሁን መኪናው ውስጥ ተዉት አልኳቸው፤ ብርሃኑ የሌሊት ወፎቹን ያሳብዳቸዋል፣ አምና የአንዱ እንግዳ ስልክ ውሃ ውስጥ ገብቶ እስካሁን ታች እየጮኸ ነው። ሶስና አጉረመረመች፤ ሰጠች። ፋኖሱን አወጣሁና ለኮስኩት። ተካልኝ ሲያየው ዓይኑ እንባ አቀረረ። "ያኔ የነበረውን ይመስላል" አለ። ለልጆቹ የአባ ናስርን ደንብ ከነምክንያቱ፣ ከነጥላሸቱ ነገርኳቸው፣ ማብራሪያውን አላሳጠርኩም። ከዚያ ፋኖሱን ለተካልኝ ዘረጋሁለት። 'አንተ እያለህ ማን ይይዘዋል?' አልኩት። ተቀበለኝ። ደረቱ ከመነፋቱ የተነሳ የሸሚዙን ቁልፍ ሊበጥስ ደረሰ።

መግቢያው ላይ ያን አጭሩን ድንጋይ ሲያልፉ ሶስና ቆመች። ስሙን ነገርኳቸው፤ ከስሙ በኋላ ያለውን ተውኩት። ተካልኝ ክብር መሰለው። መላጣውን እያሻሸ፣ 'ለኔ የተሰየመ ነው? ምነው ስልኬን ባልተውኩ፣ ፎቶ እነሳ ነበር' አለ። "አባዬ፣ ቁርጥ አንተን ነው እኮ" አለች ሶስና። አስቴር ሳቀች። እኔ ጥርሴን ነክሼ፣ ሳንባዬ ሊፈነዳ ሲል ወደ ሙሽራዋ ወሰድኳቸው።

በጠባቡ ማለፊያ ወደ ውስጠኛው አዳራሽ ገባን። ዛሬም ያው ነጭ ነው፤ እንዲያውም ትንሽ አድጓል። ተካልኝ መሃል ቆመና ታሪኩን በተፈጠረበት ቦታ ላይ ጀመረ። ጨለማው ገባ፣ እባቡ ገባ፣ ጎርፉ ደረሰ። "ይህን ጊዜ ነብሩ በዚህ በኩል..." ብሎ እጁን ወደ ጣሪያው ሲያነሳ ከእጄ ትንሽ ጠጠር አመለጠች። ወረወርኳት አልልም፤ አመለጠች። ወደ ላይ ነው ያመለጠችው። ጣሪያው እንደ ድሮው ተነቀለ፤ የሐረርጌ የሌሊት ወፍ በሙሉ፣ ከነልጅ ልጆቹ። ሶስና ጮኸች። አስቴር ቁጢጥ አለች። ተካልኝ አንድ ጊዜ እናቱን ጠራ።

ከዚያ ፋኖሱ በማለፊያው ውስጥ እየዘለለ፣ እየዘለለ፣ እያነሰ ሄደ።

ወፎቹ ጸጥ ሲሉ የሚሰማው ጠብታው ብቻ ነበር። ናሆም፣ "አባዬ?" አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ ጮክ ብሎ፣ "አባዬ!" አለ። ድምፁ ሄደ፣ ዞረ፣ አርጅቶ ተመለሰ። የሚመልስለት አልነበረም። ኪሴ ውስጥ የእጅ ባትሪ አለ፤ ጣቴ ማብሪያው ላይ ነው። አላበራሁትም። እህቴና ልጆቿ አጠገቤ እየተንቀጠቀጡ አላበራሁትም፤ ይህን ማንም ይፍረድብኝ። እኔ የተቀመጥኩትን ያህል አይደለም፣ የሩቡን ሩብ ይቀመጡት አልኩ በልቤ።

ከዚያ የአስቴር እጅ በጨለማው ውስጥ ፈልጎ ፈልጎ ክንዴን አገኘ።

"ሞላ።"

"አቤት።"

"እዚህ ነበር የተቀመጥከው?"

"እዚሁ።"

ጠብታዋ ስትወርድ፣ ሌላዋ ስትከተል ይሰማኛል። "ብቻህን?"

"ብቻዬን።"

ያን ጊዜ ባትሪውን አበራሁ። ፊቷን አላየሁትም፤ ወደ ማለፊያው ነው ያበራሁት። ሶስናን አስቀደምኩ፣ ናሆም ተከተለ፣ አስቴር ከእነሱ በኋላ፣ እኔ መጨረሻ።

ስንወጣ ተካልኝ ከደጃፉ ራቅ ብሎ ቡና የሚለቅሙ ገበሬዎችን ሰብስቦ ቆሟል። ፋኖሱ አሁንም በእጁ ነው፣ በቀትር ፀሐይ ይበራል። አራት ሰው ውስጥ መቅረቱን፣ ርዳታ ሊጠራ መውጣቱን፣ አሁን ሊመለስ መሆኑን እየነገራቸው ነበር። ገበሬዎቹ ፋኖሱን ያያሉ፣ እሱን ያያሉ፣ እርስ በርሳቸው ይተያያሉ። አንዱ ሽማግሌ በኦሮምኛ የሆነ ነገር አጉተመተመ፣ ሌሎቹ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። የሰማሁትን አልተረጎምኩለትም። ተካልኝ እኛን ሲያይ እጁን ዘርግቶ መጣ፤ "አስቴርዬ፣ ልመለስ ስል እኮ ነው..." አላት።

አስቴር አልፋው ሄደች። ጥላ ዛፉ ሥር ነጠላዋን ፈትታ አነጠፈችና ተቀመጠች፤ ልጆቿን በግራና በቀኝ አስቀመጠች። ናሆም አባቱን አያይም፣ ጫማውን ነው የሚያየው።

"ሞላ" አለች አስቴር፣ "ዛሬ አንተ ተናገረው።"

በሕይወቴ ስንት ሺህ ታሪክ አውርቻለሁ፤ በዚህኛው ግን ጅብ አልጨመርኩበትም። ሦስት ቀንም አላልኩም። ከጭነት መኪናው አቧራ ጀምሬ፣ ጂንሱን፣ ጠባቡን ማለፊያ፣ እየዘለለ የሄደውን ብርሃን፣ ትከሻዬ ላይ ይወርድ የነበረውን ጠብታ፣ የአባ ናስርን ኩታ፣ ፎቶውን፣ የእናቴን ቃል፣ አንድ በአንድ አወራኋቸው። ገበሬዎቹም ቡናቸውን ትተው ቆመው ሰሙ። ስጨርስ ሶስና፣ "አጎቴ፣ ከብርሃኑ ጀምረህ ድገመው" አለችኝ። ደገምኩት። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይልቅ ጣፈጠኝ። አዘንክለት ወይ የሚለኝ ሰው ይኖራል፤ የነፍስ አባቴም ጠይቀውኛል። አላዘንኩለትም። ፊቱ ላብ በላብ ሆኖ፣ ፋኖሱን የት እንደሚያስቀምጠው ጠፍቶት ሳየው፣ ልቤ ውስጥ ስንት ዓመት የቆየ ነገር ቁጭ ብሎ እግሩን ዘረጋ።

ለሦስተኛ ጊዜ ልጀምር ስል ተካልኝ መኪናውን ላሙቅ ብሎ ተነሳ።

"ቁጭ በል" አለችው አስቴር።

ቁጭ አለ።